ስልኩ ሳጥን ውስጥ ነው

እህት ዓለም፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ካርዱ ላይ የምታዪው ጫካ መሃል ያለው የእንጨት ጎጆ የኛ ማረፊያ ነው። መብራት የለ፣ ኔትወርክ የለ፤ ስልካችንንም ገና ስንገባ ዘበኛው ተቀብሎ ሳጥን ውስጥ ቆልፎበታል። «ባሌን የቀማኝ ስልኩ ነው፤ አንድ ሳምንት ያለ ስልክ ባገኘው ይበቃኛል» እያልኩ ስነዘንዝሽ አልነበር የከረምኩት? ይኸው አገኘሁት። ሦስት ቀን ሙሉ ምድጃው ዳር ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ እሱ እሳቱን ያያል፣ እኔ እሱን አያለሁ። ከኛ ይልቅ ወፎቹ ያወራሉ።

ዛሬ ጧት ውሃ ልቀዳ ስወጣ ከእንጨት ክምሩ ጀርባ ድምፁን ሰማሁ። ከዘበኛው ጋር እንጨት እየፈለጠ በሳቅ ይንከተከታል። ቤታችን ውስጥ እንዲህ ሲስቅ ከሰማሁት ዓመት አልፎኛል። ደስ ብሎኝ ቆሜ ሳዳምጥ፣ «ከሥራ ካሰናበቱኝ ሁለት ወር ሆነኝ፤ ባለቤቴ እስካሁን አታውቅም» አለው። በየጧቱ እየተነሳሁ ሸሚዝ የምተኩስለት ለካ የትም ለማይሄድ ሰው ነው!

እንጨቱን ታቅፎ ሲገባ፣ «ምን ስታወሩ ነበር?» አልኩት።

«ምንም» አለኝ።

ካርዱ አለቀብኝ፤ ፊደሌን አሳንሼ ጠርዙ ላይ ልጨርሰው። እናትሽን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም እንደዚያው፤ አንቺማ ናፍቀሽኛል። ያንን ስልክ ደግሞ ስንቴ ረገምኩት! ምስኪን፣ ለካ ገበናችንን ሸፍኖልን የኖረው እሱ ነበር።