የእማማ ግራ ጎን

ውድ ወንድሜ ሬይዮ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህ ሊሳስ፣ ትንሿ ኤሊናስ ደህና ናቸው? ወገብህንስ ተሻለህ ወይ? እኔ ደህና ነኝ ብልህ ጽሕፈቴ ያሳብቅብኛል። በረዶው የስልክ መስመራችሁን ስለቆረጠው ነው ከሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል የምጽፍልህ። እማማ ቀዶ ጥገና ውስጥ ናት።

የታመመው የግራ ኩላሊቷ መሆኑን ታውቃለህ። ዶክተር ፔለሪን ትናንት ጎኗ ላይ በቀለም ምልክት አድርጋላት ነበር። እናትህ ግን መቼም እናትህ ናት፤ "ሐኪም ፊት ቆሽሼ አልቀርብም" ብላ ሳውና ገባችና በብሩሽ ፈግፍጋ አጠፋችው።

ዛሬ ከመግባቷ በፊት ዶክተሯ አልጋው ግርጌ ቆማ "የሚወጣው የትኛው ነው?" ብትላት፣ እማማ ሳታቅማማ "ቀኙ" አለች። ክው አልኩ። የሕክምና ካርዷ ግራ ይላል። ዶክተሯ ሁሉንም አስቆመች።

"ወይዘሮ አውኔ፣ እዚህ ግራ ነው የሚለው።"

"ሠላሳ ዓመት ጭፈራ ሳስተምር ኖሬ ግራና ቀኝ የጠፋኝ መሰለሽ፣ የኔ ልጅ?"

ኮስተር ብላ ስትናገር እኔም ተጠራጠርኩ። ካርዱ ተሳስቶ ቢሆንስ? ጤነኛውን አውጥተው በሽተኛውን ቢተዉባትስ?

ዶክተሯ "እንግዲያው ስሙን ይተዉትና እጅዎን ያስቀምጡበት" አለቻት። እማማ እጇን ግራ ጎኗ ላይ አሳረፈችና "ይኸው፣ ቀኙ" አለች። ያኔ ገባኝ። ጭፈራ ስታስተምረን አዳራሹ ውስጥ ፊታችን ቆማ "ቀኝ" ስትል የምታነሳው ግራ እግሯን አልነበር? ሰው ፊቷ ሲቆም የምትናገረው በዚያ ሰው ቀኝና ግራ ነው።

"እኛ ዘንድ ግራ ማለት የገላው ባለቤት ግራ ነው" አለቻት ዶክተሯ። "ቢተኙም፣ በሆድዎ ቢገለበጡም፣ እኔ በየትም በኩል ብቆም አይለወጥም።" የኩላሊቷን የራጅ ፎቶ እንደገና አይታ፣ ምልክቱን እንደ አዲስ አድርጋ፣ "ግራ፤ ከወገብ በላይ፣ ወደ ጀርባ የቀረበ" ብላ ጮክ ብላ ተናገረች፤ ነርሶቹም ደገሙት። እማማ ግን እየተገፋች ስትገባም "ብትሳሳቱ በራሳችሁ" ትል ነበር።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። ዶክተሯ አሁን ወጣች። ፊት ለፊቴ ቆማ "ይኼኛውን አውጥተናል" ብላ የራሷን ጎን ነካች። እጇ ያረፈው በእኔ ቀኝ በኩል ነበር፤ ጤነኛውን ያወጡባት መሰለኝ። ከዚያ እንደ ሕፃን የራሴን ግራ ጎን ጨብጬ አሰብኩ። የባለቤቱ ግራ። ግራዋ ነው፣ ሬይዮ። ጤነኛው አለላት።

እማማ ገና አልነቃችም፤ ሰላምታዋን እኔ ልኬልሃለሁ። ለሊሳ እንደናፈቀችኝ ንገራት። ኤሊናን ቀኝ ጉንጯን ሳምልኝ፤ የራሷን ቀኝ።

እህትህ ሄልቪ
ተንደር ቤይ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 2009