ለርግቦቹ ስንዴ የደበቁት አቶ እሱባለው ወርቁ

አቶ እሱባለው ወርቁ ከአባታቸው ከአቶ ወርቁ ደሴና ከእናታቸው ከወ/ሮ ያለምወርቅ አበጀ በ1949 ዓ.ም. በደንበጫ ተወለዱ። ስምንተኛ ክፍል እንደጨረሱ ሥራ ፍለጋ ጅማ መጡ፤ ለአንድ ክረምት ብለው የገቡባትን ከተማ አርባ አራት ዓመት ኖሩባት።

በ1975 ዓ.ም. በአንድ ኮሌጅ የቤተ ሙከራ ርግቦች ጠባቂ ሆነው ተቀጠሩ። በሙከራው ቀይ አምፖል ይበራል፣ ወዲያው ስንዴ ይወርዳል። ርግቦቹ ማንም ሳያዛቸው አምፖሉን በመንቁራቸው መምታት ይለምዳሉ፤ ስንዴው ቀርቶ መብራቱ ብቻ ሲመላለስባቸው ደግሞ ቀስ በቀስ ይተዉታል። ይህን የመጨረሻውን እሱባለው አልቻሉትም። በኪሳቸው ስንዴ ደብቀው ሲያበሏቸው ተያዙ፤ የአንድ ተማሪ የዓመት ጥናትም ተበላሸ። ለተጻፈባቸው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የሰጡት መልስ አንድ መስመር ነበር፤ «ተስፋ ሰጥቶ መንሳት ነውር ነው።»

በ1984 ዓ.ም. ወ/ሮ ጊፍቲ ቶሌራን አግብተው እዚያው ጅማ፣ ቦሳ ሰፈር፣ አዲስ ጎጆ ቀለሱ። ልጅ አልወለዱም፤ አባቷ የሞተባትን የወንድማቸውን ልጅ ብርሃንነሽን ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ አሳደጉ። ወ/ሮ ጊፍቲ በ2003 ዓ.ም. አረፉ፤ ብርሃንነሽ ለሥራ አዲስ አበባ ገባች፤ እሳቸውም በ2009 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። እውነቱን ለመናገር ብቸኝነት ጎዳቸው።

ብርሃንነሽ በየበዓሉ «እመጣለሁ» ብላ ትደውላለች። አጎቷ ምሳ አሰናድተው እስኪመሽ ይጠብቃሉ፤ ትቀራለች። ዘንድሮ ለፋሲካ ደውላ የምሯን ስትመጣ ለብቻቸው ሽሮ ሲበሉ አገኘቻቸው። ቂም ይዘው አልነበረም፤ አለማመንን ለምደው እንጂ። «እውነትሽን ነው እንዴ?» አሉና የሚያቀርቡላት አጥተው አፈሩ። ማፈር የነበረባት ግን ይህን የጻፈችው ብርሃንነሽ ናት።

ከወር በኋላ የልብ ሕመም ጣላቸው። ብርሃንነሽ ስትሰማ ተሳፈረች። ጎረቤታቸው ወ/ሮ መሪማ፣ «ጋሼ፣ ወላሂ መንገድ ላይ ናት፤ አሰንዳቦ ደርሳለች» ሲሏቸው «እንግዲያው ዶሮ ግዢልኝ» አሉ።

ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. እኩለ ቀን ላይ በ68 ዓመታቸው አረፉ። ብርሃንነሽ ግማሽ ሰዓት ዘግይታ ስትደርስ ግቢው ውስጥ እግሯ የታሰረ ቀይ ዶሮ ነበረች።

ያሳደጓትን ልጅና እንደ እህት የሆኑላቸውን ወ/ሮ መሪማን ትተው ሄደዋል። ቃሉን የማያጥፈው አምላክ ነፍሳቸውን ከሚጠብቋቸው ጋር ያገናኝልን።