ቦኬ አረንጓዴ ነው

ለእማዬ፣

ስለ መንደርሽ «ቦኬ ውሃ ገባ አሉ!» ሲባል ሰምቻለሁና አስቀድሜ እንኳን ደስ አለሽ። ያሉት ባጃጅ ውስጥ ከጎኔ ተጣብበው የተቀመጡ ሁለት ነጋዴዎች ናቸው። አያውቁኝም፤ ሊዋሹኝም ምክንያት የላቸውም። ስለዚህ አመንኩ። ከአጥርሽ ማዶ ያለውን ቦኖ ስትከፍቺው እየታየኝ ሄድኩ፤ «ወራጅ» ማለት ረስቼም ቢሮውን አልፌ ወረድኩ። ደስታዬ እስከ ከሰዓት በኋላ ቆየ።

ሰላምታው ወደ ኋላ ስለቀረ ይቅር በይኝ። እንደምን አለሽ? ጤናሽ፣ ጉልበትሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ጎረቤቱስ? ያቺ እንግዳ የምታባርረው ዶሮሽስ? እኔ በጸሎትሽ ደህና ነኝ። ያንቺን መልስ አውቀዋለሁ፤ «ደህና ነኝ፣ ምን እሆናለሁ» ነው። በስልክ መጠየቁን ትቼ ወረቀት ያነሳሁትም ለዚሁ ነው። በስልክ ጥያቄዬ ሳያልቅ «ደህና፣ ደህና» ትዪና ምሳ በልቼ እንደሆነ መመርመር ትጀምሪያለሽ። ደብዳቤን ግን ማቋረጥ አትችይም።

ባለፈው «ለመሆኑ ምንድነው የምትሠሪው?» ብለሽ «ኮምፒውተር ነው» ስልሽ «እሱማ ዕቃ ነው» አልሽኝ። ልክ ነሽ፤ አሁን በደንብ ልንገርሽ። ድርጅታችን በየወረዳው ብዙ ሥራ ጀምሯል። የውሃ አለ፣ የገጠር መንገድ አለ፣ የቡና ችግኝ አለ። እስካሁን አንዱ ሥራ የት እንደደረሰ ማወቅ የፈለገ ሰው ለመስክ ሠራተኛው ይደውል ነበር፤ ስልኩ ካልሠራ ደግሞ መኪና ያስነሳል። አሁን ሁሉንም ሥራ በአንድ ሰሌዳ ላይ የሚያሳይ ሶፍትዌር ተገዝቷል። ሙሉ ስሙ የፕሮጀክት ፖርትፎሊዮ ማኔጅመንት ነው። ይህን ስም ሳይደነቃቀፍ የሚጠራ ሰው ቢሯችን ውስጥ ስለሌለ ሁላችንም «ሲስተሙ» እንለዋለን። ሠራተኛውን አስተምሮ ሥራ ማስጀመር የእኔ ኃላፊነት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ «ሲስተም የለም» ሲባል ሲሰማ የኖረ ሰው «ሲስተም አለ» ስለው የተታለለ እየመሰለው ያየኛል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። እያንዳንዱ ሥራ የመስክ ሠራተኛው የሚሞላው ቀለም አለው፤ ደህና የሆነው አረንጓዴ፣ የሚያሰጋው ቢጫ፣ የቆመው ቀይ። ኃላፊው ቀዩን አይቶ ባለሙያና ዕቃ ወደዚያ ይልካል። አረንጓዴ እንደሆነ የሩብ ዓመቱ መጨረሻ የደረሰበት ሥራ ግን «ተጠናቋል» ተብሎ ይዘጋል። አንዴ ከተዘጋ ዞሮ የሚያየው የለም። ይህቺን ያዢልኝ።

ከጭሮ እስከ በደሳ እየዞርኩ አሠለጠንኩ። ሰው ሁሉ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ ማስታወሻ ያዘ፣ ሻይ ጠጣ። ሲስተሙ ሲከፈት አንድም ቀይ የለም። ቢጫም የለም። በደሳ ላይ ችግኙ ደርቆ ፍየል ሲበላው በዓይኔ ያየሁት ጣቢያ እንኳ ለምለም አረንጓዴ ነው። ሥራ አስኪያጃችን አቶ አጥናፉ ደስታቸውን አልቻሉትም። መግቢያው አዳራሽ ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን አሰቀሉና ሰሌዳው ቀኑን ሙሉ እንዲታይ አዘዙ። «ልጄ፣ በሃያ ዓመት አገልግሎቴ እንዲህ ጤነኛ ድርጅት አይቼ አላውቅም» አሉኝ። እኔም አላየሁም።

ያን ቀን ባጃጅ ውስጥ የሰማሁትን ስነግራቸው ወንበራቸው ላይ ለጠጥ ብለው «አየሽ! ሕዝቡ ራሱ እየመሰከረ ነው» አሉ። ከሰዓት በኋላ ግን ሁለቱን ነጋዴዎች አዳራሹ ውስጥ አገኘኋቸው። ለካ ሲሚንቶ አቅራቢዎች ናቸው፤ ስለ ጨረታ ሲመላለሱ ነው የሰነበቱት። የቦኬን ወሬ ከማን እንደሰሙ ጠየቅኳቸው። አንደኛው ቴሌቪዥኑን በጣቱ አሳየኝና «ይኸው፣ ቦኬ አረንጓዴ ነው» አለኝ። ወሬው ከግድግዳችን ተነሥቶ፣ በባጃጅ ከተማውን ዞሮ፣ የሕዝብ ምስክር ሆኖ ወደ እኛው ተመልሷል።

ለአንቺ የደወልኩት ያኔ ነው። «ውሃ መጣ እንዴ?» ስልሽ «ደህና ነን፣ ምን ጎደለን፣ አንቺ ብቻ በርቺ» አልሽኝ። አንቺም አረንጓዴ ነሽ፣ እማዬ። ጎረቤትሽ ዘይቱና ስልኩን ተቀብላሽ ባትወጣ ኖሮ አምኜሽ እዘጋው ነበር። እሷ ግን አጥር ጥግ ደርሳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ወላሂ አንድ ሳምንት ፈሰሰ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ሁላችንም ተመልሰን ከገደሉ ሥር ነው የምንቀዳው። እናትሽ እንዳልነግርሽ ማዪልኝ ብላኛለች። እኔ ግን አልማልኩም፤ ዝም ብዬ ነው የሰማኋት» አለችኝ። ሌላም ነገር ነግራኛለች፤ እሱን ወደ ታች እጠይቅሻለሁ።

የሩብ ዓመቱ መዝጊያ ዓርብ ነበር። ቦኬ በዚያ ቀለሙ ዓርብን ካገኘ ተጠናቋል ማለት ነው፤ አንቺም ዕድሜሽን ሙሉ ገደል ስትወርጂና ስትወጪ ልትኖሪ ነው። እኔ እያለሁ ይህ አይሆንም ብዬ ተነሳሁ።

መጀመሪያ የቦኬውን የመስክ ሠራተኛ ዘይኑዲንን ጠራሁት፤ ያ በደጅሽ ባለፈ ቁጥር ቆሞ ሰላም የሚልሽ ቀጭኑ ልጅ ነው። «የውሃው ሥራ እንዴት ነው?» አልኩት። «ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አለኝ። ፊቱን አየሁት። የሚዋሽ ሰው ፊት አይደለም። ለካ ሰላምታዬን እየመለሰልኝ ነው!

እዚያ ላይ ነገሩ ገባኝ። እኛ አገር ደህንነት የጠየቀ ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው «ደህና» ነው። በኦሮምኛ «ነጋያ? ፈያ?»፣ ሰላም ነው? ጤና ነው? ተብሎ ይጠየቃል፣ «ፈያ» ተብሎ ይመለሳል። ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ ይጠየቃል፤ ሁሉም ደህና ነው። ላሚቱ መሞቷ የሚነገረው ቁጭ ከተባለ በኋላ፣ ሦስተኛው «ሌላስ?» ላይ ነው። እኛ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ሕዝብ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ የሚያልፍ ማሽን አመጣንለት።

ለአቶ አጥናፉ ሐሙስ ሁሉም ይሰብሰብ፣ ቀለሙ እንደ አዲስ ይሞላ፣ ማንም ሦስት ጊዜ ሳይጠየቅ አይሙላ አልኳቸው። «ይህ መመሪያው ውስጥ አለ?» አሉኝ። «ሰላምታችን ውስጥ አለ» አልኳቸው። መመሪያውን ማገላበጥ ጀመሩ። እኔም ይህን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት።

ሐሙስ በሁሉም ፊት ዘይኑዲንን አስነሳሁት። «ቦኬ እንዴት ነው?» «ደህና።» «ሥራውስ?» «አልቋል። ቧንቧው ተዘርግቷል፣ ቦኖው ተገንብቷል፣ ቀለም እንኳ ተቀብቷል።» «እሺ፣ ውሃውስ?» መሬት መሬት አየ። «ውሃውማ የለም። ፓምፑ ተቃጥሏል» አለ።

አቶ አጥናፉ ብድግ አሉ። «ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ይዞህ ነው ያልነገርከኝ?»

«ጋሼ፣ በደወሉ ቁጥር ‹ደህና ነው አይደል?› ብለው እኮ ነው የሚዘጉት።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አቶ አጥናፉ ተቀመጡና ድምፃቸውን አለስልሰው ድርድር ጀመሩ። ሰኞ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ፣ ቀይ ማየት ያስደነግጣቸዋል፣ ለጊዜው ቢጫ ብናደርገውስ አሉ። «ቢጫ ምን አለው? ደስ የሚል ቀለም ነው።» ቢጫ ማለት ውሃው ይንጠባጠባል ማለት ነው፣ ቦኬ ደግሞ አይንጠባጠብም አልኳቸው። ከኋላ የሒሳብ ክፍሏ ሳጂዳ «የቦኬ ሰው ሲጠማው ቢጫውን ይጠጣዋ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለመስኮቱ። እኔ አልተቀመጥኩም። ዘይኑዲን ራሱ ማውዙን ይዞ ቀዩን እስኪጫን ድረስ ከበላዩ ቆሜ ጠበቅኩ።

ከዚያ የበደሳው ባለሙያ ሳይጠየቅ እጁን አወጣ። ቀጥሎ የመንገዱ። ለምሳ ስንነሳ ሰሌዳው በርበሬ የተሰጣበት ሸራ መስሏል። አቶ አጥናፉ አዳራሹ መሃል ቆመው ሲያዩት ቆዩና «ልጄ፣ አሁን ሲስተሙ ሠራ ነው የሚባለው ወይስ ተበላሸ?» አሉኝ። «አሁን ገና ሠራ» አልኳቸው። ቴሌቪዥኑ እንዲጠፋ አዘዙ። አልጠፋም፤ ሪሞቱ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር። እንግዶቹ ሰኞ መጥተው ቀዩን አዩት። ማንም አልደነገጠም። አንደኛው እንዲያውም ፎቶ አነሳው።

ቦኬ አልተዘጋም። የፓምፑ ግዢ ተጠይቋል፤ ሲስተሙ ለቀይ ቅድሚያ ይሰጣል። ቀዩ ስለበዛ ግን ቀዮቹም በተራ ናቸው። ተራውን ጠዋት ስገባም ማታ ስወጣም አየዋለሁ፤ ፓምፑ እስኪገባ እንደማላርፍ ቢሮው ሁሉ አውቆታል። አቶ አጥናፉ ሦስት ጊዜ መጠየቄን ስለለመዱት አሁን ሁለቱን ዘለው ከሦስተኛው መልስ ይጀምራሉ። ኮሪደር ላይ ከሩቅ ሲያዩኝ «ፓምፑ አልመጣም ልጄ፣ ገና ነው» ይሉኛል።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ከላይ አንዴ ጠይቄሻለሁ። ሁለተኛም እንዴት ነሽ? ደህና ነኝ አልሽ። ሦስተኛ፦ ቀኝ እጅሽስ? ዘይቱና ሰሞኑን ሰው በግራሽ እንደምትጨብጪ ነግራኛለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ ያንቺን ቀለም ሌላ ሰው እንዲሞላልኝ አልፈልግም። ደውዪና ራስሽ ንገሪኝ። ቀይም ቢሆን አልቆጣም።

እመቤቴ ማርያም እግርሽን ከመሰናከል፣ ቤትሽን ከጭንቀት ትጠብቅልሽ። ውሃውን ደጅሽ አድርሳ ለምርቃትሽ ታብቃኝ። ለዘይቱና ስላልማለችው መሐላ አመስግኚልኝ።

ሦስቴ የምትጠይቅሽ ልጅሽ

ይህን የሚያደርስልሽ ሹፌሩ አብዱላሂ ነው፤ ጫት ሊጭን አይሱዙውን ባዶውን ይዞ ይወርዳል። አራት ጀሪካን ውሃ ልኬልሻለሁ። እሱ ራሱ ቤት ድረስ ያስገባልሽ፣ አንቺ እንዳታነሺ። ባዶዎቹን መልሺለት፤ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ያስፈልጉኛል።