በእግሬ የምሰማው ማኅሌት

ነሐሴ 2፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ከኪዳን ተመለስሁ። ጋቢዬ ርሷል፣ ጫማዬ ጭቃ ጠጥቷል። አሰገደች ጫማውን ከእጄ ነጥቃ ደጅ አስቀመጠችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ምን እንዳለች አልያዝሁም። ሠላሳ አራት ዓመት አብሬያት ስለኖርሁ መገመት አያቅተኝም። ስድብ ነው፣ የሚስት ስድብ።

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። በመስኮት አየዋለሁ እንጂ አልሰማውም። ደብተሬ፣ ላንተ ብቻ ነው የነገርሁህ። ሐኪሙ ነርቩ ነው፣ አይመለስም ካለኝ ዓመት ሊሞላ ነው። ቀኙ ጭራሽ ሄዷል። ግራው ተጠግተው ሲጮኹበት ቃል ይይዛል፣ ዜማ ግን አይለይም፤ ከፍ ያለውንም ዝቅ ያለውንም አንድ ያደርግብኛል። የድጓ መምህር፣ የማኅሌት መሪ፣ ጆሮ የሌለው። እስቲ ሳቅ።

እኔን ግን አያስቀኝም። ይባቤ ከፍልሰታ ጾም በኋላ ድጓውን ሊያስመሰክር ጋይንት ወዳለችው ቤተልሔም ይሄዳል። ሰባት ዓመት እኔ ዘንድ የተማረ፣ የሃያ ሰባት ዓመት ዲያቆን። እዚያ ያሉት መምህራን አንዲት የተጣመመች ዜማ አያሳልፉም። ዓመቱን ሙሉ ፊቴ ተቀምጦ ሲያዜም ራሴን እየነቀነቅሁ «እሰይ» ያልሁት ሳልሰማ ነው። የት የት ላይ እንደተሳሳተ እግዜር ይወቅ። ጥፋቱ የኔ፣ ሐፍረቱ የሱ።

ልነግረው ይገባል። ዛሬ አይደለም።

ነሐሴ 5፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል

ቅዳሴ ሳይገባ ቀድሜ ቤ/ክ ሄድሁ። ሰው የለም። እንዲህ ያለው ሰዓት ደስ ይለኛል፤ ሁሉም ዝም ስላለ እኔ ከማንም አላንስም።

ከነገሥታቱ ዘመን የቆመ ቤት ነው። በምዕራቡ በር መቃን ላይ ጣቴን አሳረፍሁ። ዐናጢው የወይን ሐረግ ቀርጾበታል። ከላይ ቅጠሉ ከነጅማቱ አለ። ሰው በሚሳለምበት ቁመት ላይ ግን ሐረጉ ጠፍቷል፤ ያ ሁሉ ዘመን ከንፈር ልሶት እንጨቱ ጎድጉዷል። እኔም ሳምሁት። ቀዝቃዛ ነው፣ ጨው ጨው ይላል።

ውስጡ እርጥብ ጽድ፣ የጧፍ ሰምና አሮጌ ብራና ይሸታል። የሌሊት ወፍ ኩስም ይሸታል፤ ለምን እዋሻለሁ! መቅደሱ ግድግዳ ላይ ካሉት መላእክት አንዱ ስድስት ጣት አለው። ከልጅነቴ ጀምሮ በፊቱ ሳልፍ አይቼው አላውቅም። ያኔ በጆሮዬ ነበር የምኖር፤ ዐይኔ ሥራ ፈት ነበር። ተመስገን ነው፣ አሁን ተቀጠረ።

ቅዳሴው ሲያልቅ በገበያው በኩል ዞርሁ። ከጉና የወረደ ድንች በጆንያ፣ አፈሩ ገና አልደረቀም። እጄን ገብስ ውስጥ ከተትሁ፤ ባለገብሷ ሴትዮ ገዢ መስያት ፊቷ በራ፣ አለመሆኔን ስታውቅ ተኮሳተረች። ደብረ ታቦር በነሐሴ ጭቃ፣ ጢስና የተቆላ ባቄላ ናት። ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ በላሁ። ጾም የዋለ ሆድ ሲያገኘው እንዴት ይጥማል!

ነሐሴ 8፣ ከሰዓት

መጥፎ ቀን። የሰፈር ጎረምሶች ለቡሄ ጅራፍ እየገመዱ ይለማመዳሉ። አንዱ መንገድ ላይ አዙሮ ሲያጮኸው አየሁት። ገመዱ ዞረ፣ ተወነጨፈ፣ ጫፉ ተበተነ። አላፊ አግዳሚው ደነገጠ፣ በቅሎ በረገገች። እኔ ዘንድ ምንም። ጅራፍ! ጅራፍ እንኳ! አጥር ተደግፌ ቆምሁ። አለቀስሁ፤ ዝናብ ስለነበር አላስነቃብኝም።

ይባቤ ሊያዜም መጣ። ዛሬ እጄን ደረቱ ላይ አኖርሁ። ለትንፋሽህ ነው፣ አልሁት። ውሸት። መዳፌ ሥር ዜማው ይርገበገባል፣ ይነሣል፣ ይወርዳል። ስለ ዝግታና ፍጥነቱ እምላለሁ፣ ስለ ዜማው አልምልም። ልነግረው አፌን ከፈትሁ። ከዚያ ስለ ስንቅ ጠየቅሁት። በሶ አስፈጭቻለሁ አለ መሰለኝ።

የሚይዘኝ ምን እንደሆነ ልንገርህ ደብተሬ? መሪነቱ። ፊት መቆሙን እወዳለሁ። ከዘንድሮው ቡሄ በፊት ከነገርሁት የዘንድሮውን አልመራም። ይኸው ነው። በሰው ልጅ ሐፍረት የኔን አንድ ቀን እየገዛሁ ነው።

ማኅሌቱንስ እንዴት ትመራለህ ብትለኝ፣ በእግሬና በክርኔ። ከበሮው ዝግ ብሎ ሲመታ ጉልበቱ በድንጋዩ ወለል አልፎ ተረከዜ ይደርሳል። ሲፈጥን ከበሮ መቺው ጎኔ ስለሚቆም የከበሮው እንጨት ክርኔን ይነካኛል። ሁሌም እዚያው መቆሙ ዕድሌ ነው።

ነሐሴ 13፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ቡሄ። ከማኅሌት አሁን ገባሁ። ጋቢዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፍልህ።

ተሳሳትሁ። በዋናው ወረብ ላይ። በዝግታ ተባለ፣ ምልክቱን ሰጠሁ፣ ከበሮው ፈጠነ፣ ጭብጨባ ገባ። ግን ሕዝቡ በዝቶ ሲገፋ ከበሮ መቺው አንድ እርምጃ ራቀኝ። ክርኔ ባዶ ሆነ። ገና ነው ብዬ በዝግታው ቀጠልሁ፤ ዐይኔን ጨፍኜ፣ ጽናጽሌን እያወረድሁ፣ በሙሉ ድምፅ። ዐይኔን ስገልጥ አርባ የሚሆን ካህን እያጨበጨበ ነው፣ እኔ ብቻዬን ወደ ኋላ ቀርቻለሁ።

የከበሮ መቺው እጅ አየር ላይ ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ ወረደች፣ በኔ ዝግታ። ጭብጨባው ረገበ። ሁሉም መቋሚያውን መልሶ አነሣና ወረቡን ከኔ ጋር ከመጀመሪያው ጀመረ። አንድ ፊት አልተለወጠም። ሕዝቡ ደገሙት ብሎ እልል ሲል አየሁ።

መሪ ከተሳሳተ ማስተካከል ሥርዓት ነው። እኔ ራሴ ስንቱን በመቋሚያ ነክቼ መልሻለሁ! እኔን ግን ማንም አልነካኝም። ያውቃሉ ማለት ነው።

ሙልሙል ቀርቦልኝ ነበር። አልወረደልኝም።

ነሐሴ 14፣ 9 ሰዓት

ግራ ጌታ አድማሱ መጣ። ማኅሌት ላይ በግራ በኩል ያለውን ሰልፍ የሚመራው፣ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ግራ ጆሮዬ ሥር ተቀምጦ ምስጢሩን በጩኸት ነገረኝ። አሰገደች ሳቋን መያዝ አቅቷት ወጣች፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

ከመስቀል ጀምሮ ያውቃሉ። ከበሮ መቺውን ከጎኔ አትራቅ ያለው እሱ ነው። ዕድሌ ያልሁህ አድማሱ ኖሯል።

ስለ ይባቤ ጠየቅሁት። ጋቢውን አውልቆ ጎኑ አስቀመጠ። አጥብቄ ስይዘው ተናገረ። ረቡዕና ዐርብ ይባቤ እሱ ዘንድ ነው የሚውል። መጀመሪያ እዚያ ያዜማል፣ ይታረማል። ከዚያ የታረመውን ይዞ እኔ ፊት ይቀመጣል። ይኸው ዓመት ሊሞላው።

— ልጁ እንዲህ አለኝ፤ የኔታ «እሰይ» ሲሉኝ እውነት እንዲሆን ነው።

ተቆጣሁ። አታለላችሁኝ አልሁ፣ እንደ ሕፃን አባበላችሁኝ አልሁ። ውጣልኝ አልሁት። ወጣ። ጋቢውን ረስቶ ሄደ።

ነሐሴ 16፣ ማታ 12 ሰዓት

ጾሙ ተፈታ። ሁለት ቀን ሳኮርፍ አሰገደችን ሰለቸኋት። ጠጋ ብላ ጮኸችብኝ።

— ሰው ሸፈነዎ እንጂ ገፈፈዎ? ይሂዱና ጋቢውን ይመልሱ!

ሄድሁ። አድማሱ ደጃፉ ላይ ነበር። ምንም ሳልል ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አደረግሁለት። አቅፎኝ አለቀሰ፣ እኔም። ሁለት ሽማግሎች በጭቃ መሀል! ደብተሬ፣ ከሕመሜ ወዲህ እንዲህ ቀልሎኝ አያውቅም። ስንት ሰው ነው እኔን ሲጠብቅ የኖረው? ኩራቴ ነበር እንዳላይ የያዘኝ። እግዚአብሔር ይመስገን። ደግሜም ይመስገን።

ይባቤን አስጠራሁት። እግሬ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዝሁት። ብቀጣው ይሻለው ነበር መሰለኝ፣ ስመርቀው ነው የደነገጠው።

ነሐሴ 18፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል

መኪናው 12 ሰዓት ይነሣል። ቶሎ ቶሎ።

ትናንት ለደብሩ አለቃ ነገርሁ፤ መሪነቱ ከዛሬ ጀምሮ የአድማሱ ነው። እኔ በሰልፉ ውስጥ እቆማለሁ፣ ለከበሮው ቅርብ በሆነ ቦታ። ተማሪዎቹም ለዜማው እሱ ዘንድ ይሂዱ። የድጓውን ጽሕፈት ግን እኔ አርማለሁ፤ በየፊደሉ አናት ላይ ያለውን የዜማ ምልክት ለማየት ጆሮ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ይቀራል። ቤተልሔም ላይ ተማሪው ማን ዘንድ ተማርህ ተብሎ ይጠየቃል። የመምህሩ ስም ከስሙ ጋር ይሄዳል፣ እሱ የሚያስተምራቸውም ይዘውት ይሄዳሉ። ይባቤ የኔን ብቻ ሊጠራ ቆርጧል፤ ግራ ጌታም ስሜ ይጠራ አላለም፣ አይልምም። እኔም የሱ ስም ቢቀር አልጠላም ነበር፤ ከዚህ ሌላ ስሜን የሚያስጠራልኝ ልጅ የለኝም።

ስለዚህ አብሬው እሄዳለሁ። እስከ ጋይንት በመኪና፣ ከዚያ በእግር። ጉልበቴ ያማል፣ ይመመኝ። እሱ ሲጠየቅ እኔ ተነሥቼ የመጨረሻውን ዓመት ያስተማረው ግራ ጌታ አድማሱ ነው እላለሁ፣ ድምፄ ምን ያህል እንደሚጮህ ባላውቅም።

አሰገደች በሩ ላይ ቆማ በእጇ ትጠራኛለች፣ ይባቤ ስንቁን ተሸክሟል። ሄድሁ።