አሥራ አንድ ለስምንት

ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል

ለልጄ፣ ያቤሎ፣ አክስትሽ ቤት ላለሽው፤

አሰላሙ አለይኪ። ጤናሽ እንዴት ነው? አክስትሽስ ጉልበቷን ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት፣ እኔን ግን ከሄድሽ ወዲህ አታናግረኝም። ይህን የሚጽፍልኝ ልብስ ሰፊው ኤሌማ ነው። እንደተናገርኩት ጻፍ፣ አታሳምርልኝ ብዬዋለሁ።

የጠረጴዛ ቴኒስ ሰርቭ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፤ ይህን ማንም አይወስድብኝም። መዳፍሽን ዘርጊ፣ ኳሷን ስንዝር ያህል ወደ ላይ ልቀቂያት፣ ስትወርድ ከሥሯ ቁረጫት፤ መጀመሪያ በራስሽ በኩል ትንጠር፣ ከዚያ መረቡን ትለፍ። መረብ ነክታ ካለፈች ይደገማል። ይህን ሁሉ በዓይኔ ነው የተማርኩት፣ ወጣት ሳለሁ በፖሊስ ካምፕ ወለል ስጠርግ። ሃያ ዓመት ሄሉ ሜዳ ላይ ስዳኝ ተሳሳትክ ያለኝ የለም።

ከስፖርት ቢሮ ያ የውድድሩ ደንብ ወረቀት ሲመጣ አንቺ ኦቦ መንደር ሄደሽ ነበር። ሌላ ጊዜ በሩን ዘግተሽ ታነቢልኝ ነበር። ሌላ ሰውን አንብብልኝ ማለት ሞት መሰለኝ። "አንብቤዋለሁ" አልኩና ኪሴ ከተትኩት።

ፍጻሜው አንድ ዙር ብቻ ነበር፤ ያሸነፈች ከቡድኑ ጋር ናይሮቢ ትሄዳለች። አንቺ አሥራ አንድ ስትገቢ ተጋጣሚሽ ሜርሲ ስምንት ላይ ነበረች። ከተመልካቾቹ መሃል ሀላቄ፣ "ሽማግሌው፣ አበቃ እኮ፤ ሃያ አንድ ድሮ ቀረ ይላሉ" አለ። ወረቀቱን አወጣሁ። ጣቴን አንድ መስመር ላይ አሳርፌ፣ "ሃያ አንድ ይላል፣ ሰርቭም አምስት አምስት ነው" አልኩ። "እስቲ ልጅህ ታንብበው" አሉ ሌሎቹም። መጣሽ። ጣቴ ያለበትን አየሽ፣ ከዚያ እኔን አየሽኝ። "አባ እንዳለው ነው" ብለሽ ኳሷን አነሳሽ።

ሃያ አንድ ለአሥራ ዘጠኝ ተሸነፍሽ። ቤት ስንገባ "እጅሽ ሰነፍ ነው፣ አሳፈርሽኝ" አልኩሽ። በማግስቱ ሄድሽ።

ሰኞ ዕለት ወረቀቱን ይዤ ኤሌማ ጋ ሄድኩ። አነበበልኝ። አሥራ አንድ ይላል። ሰርቩ ሁለት ሁለት ነው። ጣቴን ያሳረፍኩበት መስመር የጠረጴዛውን ቀለም ነው የሚናገረው።

ያሳፈርኩሽ እኔ ነኝ። ለማንም እንዲህ ብዬ አላውቅም፤ ኤሌማ መጻፉን ትቶ እያየኝ ነው። ይጻፍ።

ቡድኑ አርብ ይነሳል። ቢሮ ሄጄ ብነግራቸው፣ "ዳኛው ራሱ በሰው ፊት ይናገር፣ ከዚያ እናያለን" አሉኝ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የማስጽፈው ቤት ውስጥ አይደለም። ሜዳው ላይ፣ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ፣ ጮክ ብዬ ነው። ሀላቄ አለ፣ ሜርሲ አለች፣ የቢሮው ሰውም አለ። ማንበብ እንደማልችል ሁሉም ሰማ። ሀላቄ፣ "ታዲያ በየጠዋቱ ጋዜጣ የምትገዛው ስኳር ልትጠቀልልበት ነው?" አለኝ። ይበል። ሜርሲ ግን አልሳቀችም። "ትምጣና እንደገና እንጫወት" ብላለች፤ የቢሮው ሰውም ተስማምቷል።

በሐሙሱ መኪና ነይ። ከእንግዲህ ዳኛው እኔ አይደለሁም። ባትመጪም አልቀየምሽም።

ረቢ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ መንገድሽን ያቅናው። እናትሽ ይህን ገና አልሰማችም፤ አሁን ሄጄ ራሴ እነግራታለሁ።

አባትሽ