ከቅጹ ያልተሰረዙ አራት ስሞች

ወይዘሮ ሉሴአኔ ታኡፋ ከአባታቸው ከአቶ ፊሊሞኔ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሴላ፣ በቶንጋ፣ በቫቫኡ ደሴት፣ ሌይማቱአ መንደር እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1948 ተወለዱ። በመንደሩ ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው፣ ምንጣፍ መሥራት ከእናታቸው ለመዱ። ዛሬ ያረፉበት ምንጣፍም የእጃቸው ሥራ ነው።

በ1969 ከአቶ ቲሞቴ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ኤሌኖአንና ሴሚሲን ወለዱ። በ1976 ታናሽ እህታቸው ፉሲ የመጨረሻ ልጃቸውን ሎሴሊን በወለዱ በማግስቱ ሲያርፉ፣ ወይዘሮ ሉሴአኔ አራቱን የእህታቸውን ልጆች ወደ ቤታቸው ወሰዱ። በእኛ ዘንድ የእናት እህት እናት ናትና ልጆቹ ድሮም የእሳቸው ነበሩ። የማሳደጊያ ወረቀት ያወጣም፣ አምጡ ያለም የለም።

ባለቤታቸው በ2003 ካረፉ በኋላ፣ ሲድኒ መንታ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገውን ኤሌኖአን ሊያግዙ ሄዱ። ቪዛቸው የሦስት ወር ጉብኝት ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን መዘርዘር ራሱ ያደክማል። ሦስት ወር ይቆያሉ፣ ይወጣሉ፣ ይጠብቃሉ፣ እንደገና ያመለክታሉ። አንዳንዱ ቪዛ እዚያው ሆኖ ማራዘምን ይከለክል ስለነበር፣ አንደኛው የልጅ ልጃቸው ሆስፒታል ተኝቶ እያለ ቀናቸው ደርሶ አውሮፕላን ተሳፍረዋል። ተመላሽ መሆናቸውን ለማስረዳት መንደራቸው ያለውን የቦዬ ማሳቸውን ፎቶግራፍ ከማመልከቻው ጋር ያያይዙ ነበር። በሃያ ዓመት ሦስት ፓስፖርት በማኅተም ሞላ። ሻንጣቸው ሲድኒ ውስጥ አንድም ቀን ሙሉ በሙሉ ተራግፎ አያውቅም።

በ2012 በቋሚነት ለመቅረት የወላጅ ቪዛ ሊያመለክቱ ጠበቃ ዘንድ ቀረቡ። ሕጉ ቢያንስ ግማሾቹ ልጆቻቸው አውስትራሊያ እንዲኖሩ ይጠይቃል። ጠበቃው የወለዷቸውን ሁለቱን ብቻ እንዲጽፉ፣ ሕጉም የሚፈልገው ይህንኑ እንደሆነ ደጋግሞ አስረዳቸው። ከሁለት አንዷ ሲድኒ ናትና ይበቃ ነበር። ከስድስት አንዷ ግን አትበቃም። እሳቸው ስድስት ብለው ጻፉ።

ኤሌኖአ አለቀሰች፤ ወራት አኮረፈች። አራቱም ከቫቫኡ እየደወሉ እንዲሰርዟቸው ለመኑ። የመጨረሻዋ ሎሴሊ፣ ይህን የምትጽፈው፣ «እማዬ፣ ሰርዢን። ወረቀት እኮ ነው፣ አንቀየምሽም» አለቻቸው።

«አንቺን ሳሳድግ ማንንም አላስፈቀድኩም። አሁን ለቪዛ ብዬ ልካድሽ? ተይኝ ባክሽ» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ማመልከቻው ሳይገባ ቀረ። ወደ ሦስት ወራቸው ተመለሱ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ልጆቻቸው ሁሉ ተናደውባቸው ነበር። ግትር ነበሩ።

በዚህ ዓመት ሚያዝያ ሲድኒ ሳሉ ኩላሊታቸውን ታመሙ። የሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነውም የሚጠይቁት ስለ ሕመሙ ሳይሆን ቪዛቸው ስንት ቀን እንደቀረው ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 11 ቀን 2024፣ በ76 ዓመታቸው፣ ቪዛቸው ሊያበቃ ሦስት ቀን ሲቀረው ዐረፉ። በዕድሜያቸው ከተፈቀደላቸው አንዲት ቀን አሳልፈው አያውቁም።

አስከሬናቸው ወደዚህ ወደ ቫቫኡ ከመላኩ በፊት የሞት መመዝገቢያ ቅጽ የሞላችው ኤሌኖአ ናት። የልጆች ስም የሚል ቦታ ነበረው። ማንንም ሳትጠይቅ ስድስቱንም በዕድሜ ቅደም ተከተል ጻፈች፤ መስመሩ ስላልበቃት ተጨማሪ ወረቀት ለመነች።

ወይዘሮ ሉሴአኔ የስድስት ልጆች እናትና የአሥራ ሰባት ልጆች አያት ነበሩ። እግዚአብሔር ደክመው የመጡትን እናታችንን የመውጫ ቀን በሌለበት ቤት ያሳርፍልን። አሜን።