የእናትህን ክፍል ግድግዳ አፈረስኩት

ውድ አብዱሰላም፣

ጀሊሉ መንገድህን ሰላም ያድርገው። ኢማን ደህና ናት፤ እኔም ቆሜ እሄዳለሁ። ይህን የምጽፍልህ ተቀምጬ አይደለም፤ የጨርቅ መቁረጫዬን ጠረጴዛ ተደግፌ ነው። ጎርፉ ከመጣ ወዲህ መቀመጥ እምቢ ብሎኛል። ሁለት መስመር እጽፍና በሩ ላይ ወጥቼ ተራራውን አይቼ እመለሳለሁ።

በስልክ ልነግርህ አልፈለግኩም። ግማሹን ሳትሰማ ትቆጣለህ፣ ኔትወርኩም ይቋረጣል፣ ከዚያ እኔ ስልኩን ይዤ ግቢ ውስጥ ስዞር እውላለሁ። ሙሀመድኑር ዛሬ ከሰዓት ጭነት ሊያነሳ ወደ ጅቡቲ ይወርዳልና በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ። መኪናህን ጥላ ሥር አቁመህ አንብበው።

ከሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ስማው፦ የእናትህን ክፍል ግድግዳ አፍርሼዋለሁ።

አሁን ከመጀመሪያው ልንገርህ።

የገበያ ቀን ነበር። ከሚሴ ላይ ጠብ ያለ ዝናብ አልነበረም፤ እንዲያውም ፀሐዩ ያቃጥል ነበር። ከላይ ተራራው ብቻ ጠቁሮ ይታያል። እኔ ከፊት ባለችው የስፌት ክፍሌ የሰርግ ቀሚስ እዘመዝማለሁ፤ ኢማን እግሬ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ትደረድራለች። አንድ ድምፅ ሰማሁ። ገልባጭ መኪና አስፋልቱ ላይ ድንጋይ የሚያራግፍ ነው የመሰለኝ። ወዲያው ጎረቤታችን እቴ ፋጡሜ በአጥሩ ላይ «ቢሻን ዱፌ! ውሃ መጣ ሚስራ፣ ልጅቷን ያዢ!» እያለች ጮኸች።

ውሃው በበሩ ሥር ሾልኮ ሲገባ ገና ክሩን አልበጠስኩም። ኢማንን አቅፌ ጠረጴዛው ላይ ወጣሁ። በሩ ተገንጥሎ ሄደ። አንደኛው የስፌት መኪና በአፍጢሙ ተደፋ፤ ለደንበኞች የሰፋሁት ልብስ ከማንጠልጠያው ላይ እየወረደ ጭቃ ውስጥ ገባ። ኢማን አላለቀሰችም። አንገቴን ይዛ፣ «እማዬ፣ ወንበሩ ይዋኛል» ብቻ ነው ያለችኝ። አስር ሰላት ሳይደርስ ውሃው ጎደለ። ጭቃው ግን ቀረ።

ከውሃው ይልቅ ጭቃው ነው የሰበረኝ። በጠዋቱ የመረዳጃ ቅሬያችን ሰዎች አካፋና ባሬላ ይዘው፣ ለቀብር እንደሚመጡት ተሰብስበው መጥተው ሥራ ጀመሩ። ስንዝር የሚያህል ጭቃ ከየክፍሉ ዛቁልን። ሴቶቹ ዕቃውን አውጥተን በኦሞ አጠብን፣ ወለሉን በበረኪና ፈተግን። የስፖንጁን ፍራሽ ቆርቆሮ ላይ አሰጣነው፤ ከላይ ደርቆ ሲጫኑት ቡናማ ውሃ ይተፋል፤ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጠን ጣልነው። ጤፉ ጆንያው ውስጥ ሞቆ መብቀል ጀምሮ ነበር። የስፌት መኪኖቹን ፈታትቼ በናፍጣ አጠብኳቸው። አንደኛው ዘይት ከጠጣ በኋላ ነፍስ ዘራ፤ የወደቀው ግን እስካሁን ይንቋቋል እንጂ አይሰፋም። የሙሽራይቱ ቀሚስ ሦስት ጊዜ ታጥቦ ጫፉ ላይ የጭቃው መስመር አልለቅ አለ። ሙሽራይቱ መጥታ አየችው፤ አጣጥፋ ይዛው ሄደች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁሉም ክፍል ተከፍቶ ነፋስ ሲገባበት፣ አንዱ ብቻ እንደተዘጋ ነበር። እማ ወደ አኺራ ከሄደች ጀምሮ የቆለፍከው። ቁልፉ ከመኪናህ ቁልፍ ጋር አብሮህ ይዞራል። ውሃው በበሩ ሥር ገብቶ፣ ጭቃው ዘግቶበት መውጫ አጥቶ ተኝቷል። መሽተት ጀመረ። የጭቃው ግድግዳም እንደ ፋኖስ ክር ውሃውን ወደ ላይ መጠጠው፤ በኢማን መኝታ በኩል ከትናንት ዛሬ እርጥበቱ ከፍ እያለ ሻጋታው አረንጓዴ ሆነ። ልጅቷ ታስል ጀመር።

ያኔ ነው የደወልኩልህ። «እስክመጣ ማንም እንዳይነካው» አልከኝ። ግድግዳው እንዴት እንደሆነ ልነግርህ ስል ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ አልተገኘህም። መንገድ ላይ እንደሆንክ ገባኝ፤ አልወቅስህም።

የጭቃ ቤት የሚሠራውን ጋሽ አብዶን ጠራሁት። ምስማር ግድግዳው ላይ አኑሮ በአውራ ጣቱ ገፋው። እስከ አናቱ ሰመጠ።

«ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ አሁን የቆመው በልማድ ነው» አለኝ። «ልጅቷን ዛሬውኑ ከዚህ አውጫት።»

ብቻዬን ልወስን ስላልደፈርኩ ለእህትህ ለዓፊያ ደወልኩላት። ከባቲ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣች፤ ገና ከአጥሩ በር ሳትገባ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር።

«አብዱሰላም ሳይኖር የእማን ክፍል ልትሰብሪ?» አለችኝ።

«ኢማን ከማዶው ነው የምትተኛው» አልኳት። «እጅሽን ግድግዳው ላይ አሳርፊና ከዚያ ተናገሪኝ።»

አሳረፈች። እጇን ስታነሳ ጭቃው መዳፏን ተከትሎ መጣ። መዳፏን አየችና ጫማዋን አወለቀች።

አሁን ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርህ። ክፍሉን ለምን እንደቆለፍከው አውቃለሁ። የእማ ሽታ እንዳይወጣብህ ነው። ከመንገድ ስትመጣ ብቻህን ገብተህ በሩን ስትዘጋ ከውጭ ሆኜ እሰማህ ነበር። ግን አብዱሰላም፣ ያን ቁልፍ ስትገዛ እኔን አልጠየቅከኝም። በመጨረሻው ዓመቷ አንተ መንገድ ላይ ነበርክ። ገላዋን ያጠብኳት፣ ውዱእ ያስደረግኳት፣ አጥሚት ያጎረስኳት እኔ ነኝ። «ኢንታላ ኮ» ነበር የምትለኝ፤ ልጄ። በሩን ስትቆልፍ እኔንም ከውጭ ቆለፍከኝ። እናቴም ነበረች። ሄጄ የማለቅስባት ቦታ አጥቼ ኩሽና ውስጥ አልቅሻለሁ።

ጋሽ አብዶ በሩን ነቀለው። ውሃው በእግራችን መሀል ወጣ። አልጋዋ ጭቃ ውስጥ ቆሟል፤ ሳጥኗ ተንሳፍፎ ተገልብጧል። መስገጃዋ ብቻ ውሃው ሲጎድል ወርዶ ዝርግት ብሎ ተቀምጧል፤ አሁን ሰው ሊሰግድበት ያነጠፈው ይመስላል። ሽታው ግን የእሷ አልነበረም። የጎርፍ ሽታ ነው። ልነግርህ የከበደኝ ይሄ ነው፤ የጠበቅከው ነገር እኛ በሩን ከመንካታችን በፊት ሄዷል።

ዓፊያ ደፉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ከዚያ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ገባች። የእማን ልብሶች አንድ በአንድ አጥበን፣ አንዱን ጫፍ እሷ ሌላውን እኔ ይዘን እየጠመዘዝን በአጥሩ ላይ አሰጣን። መስገጃዋ፣ መቁጠሪያ ሙሰበሃዋ፣ ያ አረንጓዴ ሻሿ ተርፈዋል። ፍራሿንና ትራሷን አቃጥለናል። ትራሱን እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። ሻጋታው ውስጡን በልቶት ነበር፣ ልናድነው አልቻልንም።

ከዚያ ጋሽ አብዶና የቅሬው ሰዎች ጣሪያውን በባሕር ዛፍ ደግፈው ግድግዳውን በገመድ ጎተቱት። ብዙ ድምፅ አላሰማም፤ እንደ ደከመው ሰው ቀስ ብሎ ተኛ። ከእንጨቶቹ አብዛኞቹ ከሥራቸው በስብሰው ዱቄት ሆነው ነበር። ሁለቱ ግን ጤነኛ ነበሩ። እነዚያ ሁለቱ ናቸው እረፍት የነሱኝ። ጋሽ አብዶን፣ ባንነካው ይቆም ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «አላሁ አዕለም፣ አላህ ነው የሚያውቀው» ብሎኝ ገመዱን ጠቀለለ። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ እንደነበር ሳስብ እውላለሁ፤ መልሱ አንድ ቀን እንዲህ፣ አንድ ቀን እንዲያ ይሆንብኛል። የኢማን ሳል ግን ቆሟል። ይህን ብቻ በእርግጠኝነት አውቃለሁ።

ያለፈው ጁምዓ ደግሞ ተራራው ላይ ደመነ። ጨርቁን፣ ዱቄቱን፣ የስፌት መኪናውን፣ ሁሉን ከፍ ከፍ አደረግኩ። ጠብ አላለም። እቴ ፋጡሜ በአጥሩ አይታኝ፣ «አረፍ በይ እንጂ ልጄ፣ ደመና ሁሉ ጎርፍ አይደለም» አለችኝና እኔም ሳቅኩ። ዞር ስል ኢማን ጫማዋን ራሷ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ወጥታ ቆማለች። «እየጠበቅኩሽ ነው» አለችኝ። አውርጄ አቀፍኳት።

ዓፊያ ጠቅልላችሁ ወደ ባቲ ኑ ትለኛለች። አስቤበታለሁ፤ አንድ ቀን እንዲያውም ልብሳችንን ሸክፌ ነበር። ግን ልጅቷ ከደመና ስትሸሽ እንድታድግ አልፈልግም። ስለዚህ ወስኛለሁ። ጋሽ አብዶ በሚመጣው ሳምንት ድንጋይ ያመጣል። መሠረቱ እስከ ጉልበት በድንጋይ ይነሣል፣ ወለሉም ከፍ ይላል፣ ከጓሮ በኩል ለውሃው መውረጃ ይቆፈራል። ያን ክፍል እኔና ኢማን እንተኛበታለን፤ አንተም ስትመጣ። የእማን መስገጃ እኔ እሰግድበታለሁ። በዚህ ላይ ፈቃድህን አልጠየቅኩም፤ ደስ እንዲልህ ግን እመኛለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። በመጨረሻ ወራቷ እማ ከአልጋ መነሳት ሲያቅታት፣ «እዚህ ጋ መስኮት ቢኖር መንገዱን አየው ነበር» ትለኝ ነበር። የከባድ መኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ጭንቅላቷን ቀና ታደርጋለች፤ አንተ የመጣህ እየመሰላት። እንዳያምህ ብዬ ደብቄህ ነበር። አዲሱ ክፍል መስኮት ይኖረዋል። ወደ አስፋልቱ የሚያይ።

ሙሀመድኑር ጡሩምባ እየነፋ ነው፤ ተራራውም እንደገና ጠቁሯል። ጨርቁን ላንሣ።

ተቆጥተህም ቢሆን ና። ገና ከሩቅ ስትመጣ አይሃለሁ።

ሚስራ
ከሚሴ